ሮኬቱ ከየትኛው ብራና ወጣ?

የተወለድኩባት ከተማ ሳንጃ ትባላለች። አዎ፣ ጠመንጃ አፍ ላይ የሚሰካው ሳንጃ፤ ቃሉ ያው ነው። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ "ከየት ነህ?" ተብዬ ስመልስ የዶርም ጓደኞቼ "ጎራዴ የሚባል ጎረቤት ከተማስ የላችሁም?" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ እንጂ ብዙም አልተሳሳቱም። ከጎንደር ተነስታችሁ፣ ትክል ድንጋይን አልፋችሁ ቁልቁል ወደ ታች አርማጭሆ ቆላ ስትወርዱ ከሙቀቱ ቀድሞ የሚቀበላችሁ በየትከሻው የተንጠለጠለ ጠመንጃ ነው። እኛ ልጆች የመኪና ስም ሳንለይ የጠመንጃ ስም እንለይ ነበር፦ ውጅግራ፣ አልቤን፣ ምንሽር፣ ዲሞትፈር፣ ማውዘር።

የዛሬውን ወሬ መጀመሪያ የሰማሁት ማማ ላይ ነው። ማሽላ ስንጠብቅ። አጎቴ፣ ሁላችንም "አያ" ነበር የምንለው፣ ሌሊቱ እንዳይረዝምብን ያወራልን ነበር። ከሚያወራቸው ሁሉ አንዷ ግን የተለየች ነበረች።

"ጀርመን ያንን ሮኬት ከየት አመጣው ትላላችሁ?" ይላል። እኛ ዝም። "ከኛው ብራና ነው!"

ነገሩ እንዲህ ይሄዳል። አንድ ፈረንጅ ድሮ ወደ ጎንደር ይመጣል። ለየኔታ እግር ላይ ወድቆ "ያስተምሩኝ" ይላል። ቆሎና በሶ እየበላ፣ እንደ ቆሎ ተማሪ ለምድ ለብሶ፣ ግዕዙን ከነቅኔው ይጨርሳል። ከዕቃ ቤት ጥግ ማንም የማይከፍታት አንዲት መጽሐፍ አለች። አንድ ሌሊት ውሻው ሳይጮህ፣ ሰውዬውም መጽሐፏም የሉም። ዓመታት ያልፋሉ። ከዚያ ሂትለር ሰማይ የሚሰነጥቅ መሣሪያ ይዞ ይነሳል። አያ እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፦ "ፊደሏን እንጂ ጸሎቷን አላወቀም፤ ለዚያ ነው የተሸነፈው።"

እውነት ለመናገር፣ እንደ ተረት ካየነው ግሩም ነው። መነሻ አለው፣ ክህደት አለው፣ ቅጣት አለው። በተለይ ያቺ የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር! ጀርመን ጦርነቱን መሸነፉን ከራሱ ከተረቱ ውስጥ ታብራራለች። ብዙ ታዋቂ ደራሲ እንዲህ አይዘጋም።

አሁን ለምን ይህን አነሳሁት? ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። ሳንጃ ነው ያለው፣ አሥራ አንደኛ ክፍል። "ጋሼ፣ እየው እስኪ፤ እውነት ነው?" የሚል ጽሑፍ ብቻ። ቪዲዮው ከአርባ ደቂቃ በላይ ነው። ከሥር በገና ይደረደራል፤ የቪ-2 ሮኬት ይተኮሳል፤ ቀጥሎ የብራና ገጽ ይመጣል፤ ወፍራም ድምፅ "የተሰረቀው ጥበባችን" ይላል። ያው የአያ ተረት ነው። ግን ማማው የለም፣ ሌሊቱ የለም፣ የሚያወራው ሰው ፈገግታም የለም። ተረት መሆኑ ቀርቶ "መረጃ" ሆኗል።

ለልጁ ወዲያው መመለስ አቃተኝ። ምክንያቱም ከመልእክቱ በታች ሌላ መስመር ነበረች፦ "ለማንኛውም ግዕዝ ልማር የኔታ ዘንድ ተመዝግቤያለሁ።" ወሬው ውሸት ነው ብለው ትምህርቱን ይተወው ይሆን? እውነት ነው ብለውስ? አንድ ወር ሙሉ እንደዚህ ያሉ ቪዲዮዎችን እያየሁ፣ ጎን ለጎን መጻሕፍት እያገላበጥኩ ቆየሁ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ወር ውጤት ነው።

ከብራናው ልጀምር። ልጅ ሳለሁ ዳዊት ደግሜያለሁ፤ ቅኔ ቤት ባልደርስም ንባብ አላጣም። ቪዲዮው ላይ "የሮኬት ቀመር" እየተባለ የሚታየውን ገጽ አቁሜ፣ አሳድጌ አነበብኩት። መዝሙረ ዳዊት ነው። ሌላ ቪዲዮ ላይ "የመብረቅ ኃይል ምስጢር" የተባለው የተአምረ ማርያም ገጽ ነው። ሣቅሁ፤ ቀጥሎ ግን ሣቄ ጠፋ። ይህን ቪዲዮ በሺህ የሚቆጠር ሰው አይቶታል፣ አድንቆታል፣ አልቅሶበታል። ስክሪኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ግን ለማንበብ የሞከረ የለም። ጀርመን ብራናችንን አነበበ ብለን የምንቆጭ ሰዎች ራሳችን ብራናውን እንደ ሥዕል ነው የምናየው። ከዚህ የባሰ ሂስ በወሬው ላይ ማቅረብ አልችልም፤ ግን ገና አልጨረስኩም።

ወሬው ከባዶ አልተነሳም። ይህን ካልተቀበልን አያን መስደብ ይሆንብናል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ በ1771 መጨረሻ ሲወጣ ከያዛቸው ብራናዎች መካከል ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ። ሙሉው መጽሐፍ በአውሮፓ ከጠፋ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ ተጠብቆ የኖረው በግዕዝ ነው። መቅደላ ላይ ደግሞ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ለመጫን 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈልጎታል። ከዚያ የተወሰዱ 350 ያህል ብራናዎች ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው። ስርቆቱ እውነት ነው። ቁጭቱም እውነት ነው።

ጀርመኖቹስ? እነሱም እውነት ናቸው፤ ብቻ ሮኬት ሠሪዎች አልነበሩም። ታሪኩ የሚጀምረው ደግሞ በሌባ ሳይሆን በመምህር ነው፣ የኛው ሰው በሆነ መምህር። አባ ጎርጎርዮስ ይባላሉ፤ የአምሐራው መካነ ሥላሴ ሰው። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባል ጀርመናዊ ወጣት ጋር ተገናኙ። በ1652 ወደ ጀርመን፣ ጎታ ወደሚገኘው የመስፍኑ ቤተ መንግሥት ሄደው እየጠየቀ እየመለሱ አስተማሩት። ሉዶልፍ በ1661 የግዕዝ ሰዋስው አሳተመ፤ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ አስከተለ። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 በመርከብ አደጋ ሞቱ። ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ አውጉስት ዲልማን መጣ፦ የሄኖክን የግዕዝ ንባብ በ1851፣ የጀርመንኛ ትርጉሙን በ1853፣ ሰዋስውን በ1857፣ ያንን ግዙፍ መዝገበ ቃላት በ1865 አሳተመ። በ1906 ደግሞ ኤኖ ሊትማን የጀርመንን ቡድን መርቶ አክሱም ላይ ቆፈረ፣ ለካ፣ ጽሑፎቹን ገለበጠ።

አያ ተረት ውስጥ ያለው "ለየኔታ እግር ላይ የወደቀው ፈረንጅ" እንግዲህ ሉዶልፍ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ፣ በእውነተኛው ታሪክ የኔታው ስም አላቸው። በተረቱ ግን "የኔታ" ብቻ ናቸው፤ ተታልለው፣ መጽሐፍ ተሰርቆባቸው፣ ከታሪኩ ይወጣሉ። "ጥበባችንን ሰረቁን" የሚለው ወሬ የሚያስተምር፣ የሚከራከር፣ አውሮፓ ድረስ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ አያውቅም። የሚያውቀው የሚዘረፍ ኢትዮጵያዊ ብቻ ነው። ለኔ ትልቁ ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው፤ ያኮራናል የምንለው ተረት ውስጥ እኛ ዕቃ ቤት ጠባቂ እንጂ ባለ እውቀት አይደለንም።

አሁን ወደ ሮኬቱ። ቪ-2 እንዴት እንደተሠራ ምስጢር አይደለም። ሩሲያዊው ጽዮልኮቭስኪ የሮኬትን ሒሳብ በ1903 ጽፏል። ሄርማን ኦበርት በ1923 መጽሐፍ አሳትሟል። አሜሪካዊው ሮበርት ጎዳርድ የመጀመሪያዋን በፈሳሽ ነዳጅ የምትሠራ ሮኬት መጋቢት 1926 ተኩሷል። (ከዚህ በፊት የጠራኋቸውም ሆኑ እነዚህ ዓመቶች የአውሮፓ ናቸው፤ የኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።) ቬርነር ፎን ብራውንና ጓደኞቹ ፔነሙንደ በምትባል የባሕር ዳርቻ ላይ የጀርመን ጦር በጀት ተከፍቶላቸው ሠሩት። ሰኔ 1942 ተኮሱ፣ ከሸፈ። ነሐሴ ተኮሱ፣ ከሸፈ። ጥቅምት 3 ቀን 1942 ተሳካ። 14 ሜትር ቁመት፣ ከ12 ቶን በላይ ክብደት፣ 1 ቶን ገደማ ፈንጂ፣ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት። ነዳጁ? 75 በመቶው አልኮል የሆነ ውሕድ ከፈሳሽ ኦክስጅን ጋር። አልኮሉ የሚወጣው በአብዛኛው ከድንች ነበር። አያ ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር፦ የሂትለር ምስጢራዊ መሣሪያ ውስጡ አረቄ ነው!

ሁለት ጊዜ መክሸፉ ለምን ይሻላል መሰላችሁ፣ ተረቱ ላይ ክሽፈት የለማ። መጽሐፉ ተከፈተ፣ ቀመሩ ተነበበ፣ ሮኬቱ በረረ። እውቀት ማለት የተደበቀ ነገር ማግኘት ነው፤ አለቀ። እውነተኛው ግን ሥራ ነው፤ የፈነዳ ቱቦ፣ የተቃጠለ ቫልቭ፣ እንደገና ስሌት። አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ከሁለቱ የትኛውን ይዞ ቢያድግ ነው ፊዚክስ ሲከብደው ደብተሩን የማይዘጋው?

ደግሞ ይህ የኛ በሽታ ብቻ አይደለም፤ አውሮፓም ታማለች። "ተአምራዊ መሣሪያ" የሚለው ወሬ የተጀመረው በራሱ በናዚ ፕሮፓጋንዳ ነው። ሠራዊቱ በየግንባሩ ሲሸሽ ጎብልስ ሕዝቡን "ትንሽ ጠብቁ፣ የበቀል መሣሪያው እየመጣ ነው" ይለው ነበር፤ ቪ የሚለው ፊደል ራሱ በጀርመንኛ "በቀል" ከሚለው ቃል የተወሰደ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ወሬው በራሱ እግር ሄደ፦ የናዚ በራሪ ሳህን፣ የስበትን ሕግ የሚያሸንፍ "ደወል"። ያ ደወል የሚባለው ነገር ዓለም ላይ የታወቀው አንድ ፖላንዳዊ ጋዜጠኛ በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። "ቭሪል" የሚባለው ምስጢራዊ ኃይላቸው ደግሞ በ1871 ከታተመ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ የመጣ ነው። አንዱ ምንጩን ከሌላ ፕላኔት፣ አንዱ ከቲቤት መነኮሳት፣ እኛ ከጎንደር ዕቃ ቤት እናመጣዋለን። አቀማመጡ አንድ ነው፤ ሰው ይህን በእጁ ሊሠራ አይችልም፣ ከሆነ ቦታ መጥቶ መሆን አለበት።

የማን እጅ ነበር? እዚህ ላይ ቀልዱን ልተው። ቪ-2 በብዛት የተመረተው ኖርድሃውዘን አጠገብ ተራራ ተፈልፍሎ በተሠራ ዋሻ ውስጥ ነው። የሚሠሩት የሚተልባው-ዶራ ማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ነበሩ፦ ሩሲያውያን፣ ፖላንዳውያን፣ ፈረንሳውያን፣ ሌሎችም። ወደ ካምፑ ከገቡት 60 ሺህ ያህል ሰዎች 20 ሺህ ያህሉ ሞተዋል፤ በረሃብ፣ በድካም፣ በስቅላት። ሮኬቱ ተተኩሶ ከገደላቸው ሰዎች ይልቅ ሲሠራ የሞቱበት ይበልጣሉ። ያ ባለ በገና ቪዲዮ አርባ ደቂቃ ሙሉ "ይህ የኛ ነው" ይላል። የኛ ከሆነ እንግዲህ ዋሻውም የኛ ነው? ማንም ይህን አስቦ እንዳላለው አውቃለሁ። ግን "የኔ ነው" ከማለት በፊት የሚባለውን ነገር አገላብጦ ማየት ደግ ነው።

በጣም የገረመኝን ነገር አሁን ልንገራችሁ። የወሬው ዋና ተጠርጣሪ መጽሐፍ ሁልጊዜ መጽሐፈ ሄኖክ ነው። "ጀርመኖች ሄኖክን ተርጉመው መሣሪያ ሠሩ።" እሺ፣ ተርጉመዋል፣ ከላይ ብያለሁ። ሄኖክ ውስጥ ስለ መሣሪያ ምን ተጽፏል? ዲልማን በከፈለው አከፋፈል ምዕራፍ 8ን አውጡ። ከሰማይ ከወረዱት መላእክት አንዱ፣ አዛዝኤል፣ ሰዎችን ሰይፍ፣ ጩቤ፣ ጋሻና ጥሩር መሥራት ያስተምራል። ቀጥሎ ምድር በግፍና በደም ትሞላለች፤ ጩኸቷ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ የጥፋት ውሃ ይታዘዛል፤ አዛዝኤል ታስሮ በረሃ ጉድጓድ ውስጥ ይጣላል። ምዕራፍ 69 ላይ ደግሞ የመግደያ መሣሪያን ለሰው ልጆች ያሳየ ተብሎ የሌላ ክፉ መልአክ ስም ይነሳል። በቃ። መጽሐፉ ስለ ጦር መሣሪያ ያለው አቋም ይህ ነው፤ መሣሪያ መሥራትን ያስተማረው የወደቀው ነው።

እና እኛ ምን እያልን ነው? "ያንን መጽሐፍ አንብበው ነው መሣሪያ የሠሩት፤ ስለዚህ እንኮራለን።" መጽሐፉን ከአዛዝኤል ወንበር ላይ አስቀምጠን እያጨበጨብን ነው። ሄኖክ ውስጥ ኮራ የሚያሰኝ ነገር ጠፍቶ እኮ አይደለም። የፀሐይና የጨረቃን አካሄድ፣ የሰማይን በሮች፣ የ364 ቀን ዓመትን የሚተርክ ሰፊ ክፍል አለው። ባሕረ ሐሳባችንም አለ። እሱ ግን አይፈነዳም፤ ስለዚህ ቪዲዮ አይሠራለትም።

በነገራችን ላይ፣ ኩራታችን ብረት ላይ ከሆነ ብረት ሠሪውን ምን ስናደርገው ኖርን? እኔ ልጅ ሳለሁ ማረሻ የሚመታልንን ሰው ዐይኑን እንዳናይ ነበር የምንመከረው። ቡዳ ነው ተብሎ። በጎንደር ዙሪያ ለብዙ ዘመን የብረቱንና የሸክላውን ሥራ የያዙት ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ማረሻውን እንገዛለን፣ ሰውየውን እንሰድባለን። በኋላ በሱዳን በኩል በእግራቸው ወጡ። ቀጥቃጭ ብሎ የሚሰድብ አገር ሮኬት ተሰረቅኩ ሲል፣ ይቅርታ፣ እኔ ትንሽ ያሳቅቀኛል።

ይህን ሁሉ ስል "የጀርመን ምስጢራዊ መሣሪያና ኢትዮጵያ" የሚባል ታሪክ የለም ማለቴ አይደለም። አለ። እንደውም ከአያ ተረት ይበልጣል።

ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሰፈሯቸው ጀርመንኛ ተናጋሪ ሚሲዮናውያን ነበሩ፤ ከባዝል አጠገብ ከቅዱስ ክሪሾና የመጡ፣ አናጺና ግንበኛ። መድፍ ሥሩ ሲባሉ አናውቅም አሉ። አናውቅም ማለት ግን አልተፈቀደም። ሞከሩ፣ ከሸፈ፤ ሞከሩ፤ በመጨረሻ ሴባስቶፖል ተወለደ፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝን። ከሠሪዎቹ አንዱ ሞሪትዝ ሃል የሚባል የፖላንድ ሰው ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ወለተ ኢየሱስን አገባ፤ እሷ ከጀርመናዊ ሠዓሊና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደች ናት። ሴባስቶፖል ተራራ ለተራራ በገመድ ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ። አሁንም እዚያው ነው።

ከሞሪትዝና ከወለተ ኢየሱስ ልጆች አንዱ ዳቪድ ሃል ይባላል። አድጎ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የመንግሥት አማካሪ ሆነ። በ1927 ዓ.ም. ክረምት፣ ጣልያን በኤርትራ ጦር ሲያከማች፣ ንጉሠ ነገሥቱ በምስጢር ወደ በርሊን ላኩት። ሂትለር ዘንድ! ሂትለርም እሺ አለ። 3 ሚሊዮን የጀርመን ማርክ፤ በዚያ 10,000 ማውዘር ጠመንጃ፣ 10 ሚሊዮን ጥይት፣ መትረየስ፣ የእጅ ቦምብ፣ 30 ያህል ባለ 3.7 ሳንቲ ሜትር ጸረ ታንክ መድፍ። የፋብሪካው ምልክት እንዲፋቅ ተደረገ፤ ሙሶሊኒ እንዳያውቅ። ለፍቅራችን ነው እንዳትሉ። በ1934 ሂትለር ኦስትሪያ ላይ ሲያንዣብብ ሙሶሊኒ ጦሩን ድንበር ላይ አሰልፎበት ነበር፤ ስለዚህ ጣልያን አፍሪካ ተራሮች ላይ ብትታሰርለት ይጠቅመዋል። ዓመት አልፎ ሁለቱ ሲታረቁ፣ ጥቅምት 1936 ላይ ጀርመን የጣልያንን "ኢምፓየር" አወቀች። አባቱ የቴዎድሮስን መድፍ ሠራ፣ ልጁ ለኃይለ ሥላሴ ምልክቱ የተፋቀ መድፍ አመጣ። ይህን ልብ ወለድ አድርጎ ያቀረበ ሰው "አጋጣሚው በዛ" ተብሎ ይመለስበት ነበር።

ከዚያው ጦርነት ሌላም አለ። ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ደምበጉና ላይ የራስ እምሩ ጦር፣ የጎንደርና የሰሜን ሰው ያለበት፣ የጣልያንን ትንንሽ ታንኮች በእጁ ገልብጦ፣ ላያቸው ላይ ወጥቶ ማረከ። ከቀናት በኋላ ተከዜ ላይ አውሮፕላን መጣ። የወደቀው እንደ ወትሮው አልፈነዳም፤ ተሰብሮ ፈሳሽ ረጨ። የነካው ሰው ቆዳው ተላጠ፣ ዐይኑ ጠፋ። የሰናፍጭ ጋዝ ነው። ጣልያኖች "ኢፕሪት" ይሉታል፣ ኢፐር ከምትባለው የቤልጅግ ከተማ ስም፤ ምክንያቱም ጀርመኖች ለመጀመሪያ ጊዜ በጦር ሜዳ የተጠቀሙበት እዚያ ነው፣ ሐምሌ 1917። ሲ-500-ቲ የሚባለው የጣልያን ቦምብ አንዱ ብቻ ከ200 ኪሎ በላይ ይይዝ ነበር።

የጀርመን የጦርነት ኬሚስትሪ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እንግዲህ በዚህ መንገድ ነው። ከኛ ብራና ወደ እነሱ አልሄደም፤ ከእነሱ ላቦራቶሪ በጣልያን ክንፍ ወደኛ ቆዳ መጣ። ምስጢርም ነበር፣ እውነተኛ ምስጢር። የጣልያን መንግሥት በይፋ ያመነው በ1996 ነው፤ 60 ዓመት ቆይቶ። ስለዚህ ምስጢር አርባ ደቂቃ ቪዲዮ ፈለግሁ። አሉ፣ ጥቂት፤ ተመልካቻቸውም ጥቂት ነው። ያልተከሰተው ስርቆት ሚሊዮን ሰው ያስለቅሳል፣ የተከሰተው መርዝ አያስለቅስም። ለምን? ይመስለኛል፣ በመጀመሪያው ታሪክ የዓለም ጌታ ልንሆን ነበርን፤ በሁለተኛው ሰው ብቻ ነን፣ የሚያመን ሰው።

አንድ ኑዛዜ አለኝ። ቤታችን የአያቴ ማውዘር አለ። አያቴ ከአርማጭሆ አርበኞች ጋር የነበረ ሰው ነው። የዳቪድ ሃልን ታሪክ ያነበብኩ ለት እናቴ ዘንድ ደወልኩ። "እማ፣ የጋሼ ጠመንጃ ላይ ማህተም አለው? ተፍቆ ይሆን?" ሄዳ አየች። "ምኑም አይታይም፣ ልሙጥ ነው" አለችኝ። ልቤ ዘለለ! በቃ፣ ከ10,000 አንዱ! የሂትለር ምስጢራዊ ጠመንጃ ሳንጃ ላይ፣ እኛ ቤት፣ ግድግዳ ላይ! ርዕሱን ሁሉ ጽፌው ነበር።

ሁለት ቀን ቆይቼ ቀዘቀዘልኝ። መንግሥት በዚያው ዘመን ከቤልጅግም ማውዘር ይገዛ ነበር። ዘጠና ዓመት በቅባትና በጨርቅ የተወለወለ ብረትም ይለሰልሳል። የተፋቀና ያለቀ ማህተም በስልክ አይለይም። ግን እነዚያን ሁለት ቀናት አስታውሳቸዋለሁ። ያ ባለ በገና ቪዲዮ ሠሪ ምን እንደሚሰማው ያወቅሁት ያኔ ነው። ውሸታም አይደለም፣ ቢያንስ ሁሉም አይደለም። ባዶ ቦታ አየ፣ ባዶ ቦታው ላይ የሚወደውን ነገር ጻፈ። እኔ ልሙጥ ብረት ላይ፣ እሱ የማያነበው ብራና ላይ።

በመጨረሻ ለእህቴ ልጅ ጻፍኩለት። ረጅም ነበር፤ ከላይ ያለው ግማሹ ለሱ የተጻፈ ነው። አባ ጎርጎርዮስን ነገርኩት፣ ድንቹን ነገርኩት፣ ዋሻውን ነገርኩት። ቪዲዮው ላይ ያለውን ገጽ ስክሪንሾት አድርጌ "ይህን ለየኔታ አሳያቸውና አብራችሁ አንብቡት" አልኩት። ስለ አዛዝኤልም ጻፍኩለት። ግዕዙን ተወው አላልኩትም፤ ቀጥልም አላልኩትም።

ሦስት ቀን ዝም አለ። ስልኬን ሳይ ስከፍት ሰነበትኩ። አራተኛው ቀን ማታ መልስ መጣ፦

"ጋሼ፣ የኔታ መጽሐፍ ላይ ምዕራፍ 8 ሌላ ነገር ነው የሚለው። አዛዝኤል የት ጋ ነው ያለው?"

"የምዕራፉ ቁጥር የዲልማን ነው" ብዬ መለስኩለት። "የየኔታ ሊለይ ይችላል። ከመጀመሪያው እያነበብክ ና፣ ስሙ ላይ ትደርሳለህ።"